ስልሳ አራት ጊጋ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሳልሚያ ስትነድ፣
አስፋልቱ ጫማዬን እየያዘ ሲለቅ ስሄድ፣
ሻጂ ሱቅ ደረስኩኝ። ኤሲው ይንጠባጠባል።
ፍላሹ በመስታወት ውስጥ ተሰቅሎ ያብለጨልጫል፦
ቀዩ፣ ብረት ለበሱ፣ ጥፍር የሚያህለው፣
ባለ አንድ ቴራባይቱ፣ ዋጋው ሁለት ዲናር ነው።

እጄ ወደዚያ ሄደ። ርካሽ ማን ይጠላል?
ግን የሬምላ ነገር ከፊቴ ድቅን ይላል።
ያንኑ ነበር እሷም አምና የገዛችው፤
የእህቷን ሠርግ ሁሉ እሱ ላይ ጫነችው።
ደሴ ገብታ ስትሰካው፣ ፋይሉ በየስሙ
ተሰልፎ ቆሟል፤ ሲከፍቱት ግን የለም ሥጋና ደሙ።
ስምንት ጊጋ ሆድ ይዞ ሺህ ነኝ የሚል ጉረኛ፣
ሞልቶ እየፈሰሰ እንኳ «ጨምሩ» ይላል እንደ ጤነኛ።
ደውላ «ሰሙ አለ፣ ወርቁ የለም» ብላ ሳቀችብኝ፤
ሳቁ ሳያልቅ ስልኩን ዘጋችብኝ።

ስለዚህ ስልሳ አራቱን አልኩ፣ አራት ዲናር ተኩል፤
ባለ ሁለት አፉን፦ በአንዱ ኮምፒውተር ይነክሳል፣
በሌላው ቀጭን ስልክ። ክዳኑ በገመድ የታሰረውን፤
ክዳን የሚጠፋበት ሰው ነኝ፣ ራሴን ሳውቀው።

ሻጂ መጀመሪያ ሞላው በማይረባ ነገር፣
ያንኑ መልሶ አነበበው፣ ቁጥር በቁጥር።
«ዕቃ እንደ ሰው ነው» አለኝ በተሰባበረ ዓረብኛ፣
«ስትሰጪው ሳይሆን ስትጠይቂው ነው የሚለይ እውነተኛ።»

ስልኩ የእነሱ ነው፤ እሑድ ስሄድ እመልሳለሁ።
እንግዲህ ያለኝን ሁሉ ዛሬ አወርዳለሁ፦
የውሌን ቅጂ፣ ፓስፖርቴን፣ የደም ምርመራዬን፣
የሰባት ዓመት ሐዋላ፣ ደረሰኝ በደረሰኝ፣ የላብ ማስረጃዬን፤
ደላል፣ የማዳም ትንሿ ልጅ፣ እንጉዳይ ማለት አቅቷት
«ጉዲ! ጉዲ!» ስትለኝ የቀዳሁት፤
ወንድሜ ደርበው ከሐይቅ የላከልኝን የቤቴን ፎቶ ሁሉ፣
ከመሠረቱ ጀምሮ፣ ከነጭቃው፣ ከነአሸዋ ክምሩ።

አንድ በአንድ ተከፈተ በሻጂ ሰፊ መስኮት፤
በስልኬ ጣት የሚያህል፣ እዚህ ክንድ ሆነ ቤት።
ሦስተኛው ዓመት ላይ መስኮቱ ሰማያዊ፣ በሩ በስተቀኝ፤
አምስተኛው ዓመት ላይ በሩ ከግራ በኩል አየኝ።
ባሕር ዛፉ የለም። አጥሩ ድንጋይ ሆኗል።
መዝጊያው ላይ የማላውቀው ሰው ስም በቀለም ተጽፏል።

ሻጂ አማርኛ አያነብም፤ ግን እጁ ማውዙ ላይ ቆመ።
«ልሰርዘው?» አለ። ኤሲው ብቻ አጉረመረመ።
«አትሰርዝ» አልኩት፤ «ሁለቱንም ጫነው፤
ደረሰኞቹንም ከጎን፣ በየቀናቸው ደርድረው።»

ባለቅስ ደግ ነበር። እኔ ግን ያኔ ያሰብኩት
ስንት እንደሚበቃው፣ ስንት እንደሞላሁት፦
ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ከነላቡ፣ ከነውሸቱ፣
አሥራ አንድ ጊጋ። አርባ ምናምኑ ወና ቀረ ቤቱ።

ልመዘው እጄን ስሰድ፣ ሻጂ «ተይ!» አለ፤
«ሲጽፍ የመዘዙት ፍላሽ ስንቱ ተቃጠለ!»
ጠበቅን። ከጥግ በኩል ትንሽ ጽሑፍ ወጣ።
«ምን ይላል?» ስለው፣ «አሁን በሰላም ይውጣ።»

ድገምልኝ አልኩት።
ደገመልኝ።

ክዳኑን ገጥሜ ገመዱን አንገቴ ላይ አሰርኩ፣ ከማዕተቤ ጋራ።
ውጭው ገና ይነዳል፤ ሰው ከግንብ ጥላ ወደ ግንብ ጥላ ይሮጣል በተራ።
ማታ ደርበው ይደውላል፣ ስለ ቆርቆሮው ዋጋ።
«ፎቶ ላክ» እለዋለሁ፣ «ሌላም ካለህ ላክ፤
ቦታ አለኝ፣ አርባ ምናምን ጊጋ።»